ኮምፒውተሩ ያላለው ነገር፦ ስለ ስንፈተ ወሲብ ዕፅዋት ተረትና እውነታ

«በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው አባባል በባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ላይ የቆየ ነው። አሁን አሁን የምሰማው «በኮምፒውተር የተረጋገጠ» የሚለውን ነው። በቲክቶክና በቴሌግራም ለስንፈተ ወሲብ ከሚሸጥ የሥር ዱቄት አጠገብ አንድ ባለቀለም ሥዕል ይለጠፋል፤ በተጠማዘዘ ጥብጣብ መልክ የተሳለ ፕሮቲን፣ መሀሉ ላይ የተወሸቀች ትንሽ ሞለኪውል፣ ከጎኗ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር። ሻጩ ቁጥሩን እያሳየ «ይኸው፣ ከቪያግራ ይበልጣል፤ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል» ይላል። ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ የፈጠራ አይደለም። የሠራው እውነተኛ ተመራማሪ ነው፤ የታተመውም በምርምር መጽሔት ላይ ነው። ውሸቱ የሚጀምረው ሥዕሉ ያላለውን ማስባል ሲመጣ ነው።

ተረት፦ የአንድ ዕፅ ንጥረ ነገር በኮምፒውተር ተፈትሾ ጥሩ ነጥብ ካመጣ፣ ዕፁ ስንፈተ ወሲብን ያድናል።

እውነታ፦ ነጥቡ የሚለው «ይህ ንጥረ ነገር ቤተ ሙከራ ገብቶ ቢሞከር አይከፋም» ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ያድናል» እስከማለት ድረስ የብዙ ዓመት ሥራ አለ፤ ጉዞውን ከሚጀምሩት ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ጉዳዩ እንዲህ የሚያንገበግበኝ በምክንያት ነው። በቅርብ የማውቃቸው አንድ አባወራ በዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ተማምነው ከዓመት በላይ ዱቄት በማር ሲበሉ ቆዩ። ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። በመጨረሻ እግራቸው እየደነዘዘ ሲያስቸግራቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ በደማቸው ያለው ስኳር ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስንፈቱ የስኳር በሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነበር። ዱቄቱ አልመረዛቸውም፤ ያደረሰባቸው ጉዳት ጊዜያቸውን መብላቱ ነው። ስኳር ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ነርቭና የደም ሥር ሲበላ ነበር።

ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ለመረዳት አስቀድሞ ሰውነት ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ወንድ ወሲባዊ ስሜት ሲሰማው በብልቱ ውስጥ ያሉ ነርቮችና የደም ሥር ግድግዳዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ። ጋዙ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ኬሚካል እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይህም የደም ሥሮቹን ጡንቻ ያላላል፤ ደም በብዛት ገብቶ ብልት ይቆማል። ፒዲኢ-5 የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ሳይክሊክ ጂኤምፒን እያፈረሰ ነገሩን ወደነበረበት ይመልሳል። ቪያግራ በሚል የንግድ ስም የምናውቀው ሲልደናፊል ይህን ኢንዛይም ይገታል፤ የተገኘውም ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ሳንድዊች በምትባል ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው የሠራው ለልብ ሕመም ብሎ ነበር፤ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር ግን ወንዶቹ ያልተጠበቀ ውጤት ተናገሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 1998 ለስንፈተ ወሲብ ፈቀደው። የናይትሪክ ኦክሳይድን ሚና የገለጡት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በ2003 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ፒዲኢ-5 ሲልደናፊልን እንደያዘ ቅርጹ በኤክስሬይ ምን እንደሚመስል አሳተሙ። የኢንዛይሙ አቶሞች የት የት እንደተቀመጡ ማንም ሰው በነፃ ማየት ቻለ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሥራ ሞለኪውላር ዶኪንግ ይባላል። ፒዲኢ-5ን እንደ ጓጉንቸር ብናስበው፣ ዶኪንግ በሺህ የሚቆጠሩ ቁልፎችን በኮምፒውተር እየሳሉ የትኛው ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ እንደሚችል መሞከር ነው። ኮምፒውተሩ ሞለኪውሉን እያዞረና እያጠፈ ቀዳዳው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ገምቶ በኪሎ ካሎሪ በሞል የሚለካ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን አያያዙ እንደጠበቀ ይቆጠራል። በጣም ከተለመዱት ፕሮግራሞች አንዱ አውቶዶክ ቪና ነው፤ በካሊፎርኒያ ከስክሪፕስ የምርምር ተቋም የወጣ፣ በ2010 የታተመ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በተራ ላፕቶፕ የሚሠራ። ለምርምር ኬሚካል መግዣ ገንዘብ የሌለው የማስተርስ ተማሪ ማታ ጀምሮት ጠዋት ውጤት ያገኝበታል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ለማንቋሸሽ የተነሣሁ አይምሰልብኝ።

በዕፅ መድኃኒትነት ማመን ራሱ መሠረት የሌለው ወሬም አይደለም። ዕፅ መድኃኒት ይወጣዋል። ለወባ የምንውጠው የአርቴሚሲኒን መድኃኒት ከቻይና የተገኘ የዕፅ ውጤት ነው፤ ቱ ዩዩ የ2015ን የኖቤል ሽልማት ያገኙበት። ለስንፈተ ወሲብ እንኳ ከዕፅ የመጣ መድኃኒት አለ፦ ፓፓቬሪን በ1848 ከኦፒየም ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ በ1982 ሮናልድ ቪራግ የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ብልት ውስጥ ሲወጋ ብልትን እንደሚያቆም አሳወቀ፤ እስከ ዛሬም በአንዳንድ ክሊኒኮች ይሠራበታል። የሚሠራው ግን በመርፌ፣ ተመዝኖ፣ በሐኪም እጅ ነው፤ ብልት ለሰዓታት አልወርድ ብሎ ሕብረ ሕዋሱ እንዳይጎዳም ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል።

ለእኛ የቀረበ ምሳሌም አለ። እጸ መናሂ የምንለው ዛፍ በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ይበቅላል፤ ባህላዊ ሐኪሞቻችን ሥሩን ለብዙ ነገር ያውቁታል። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ የቬንዳ ወንዶች ይህንኑ ሥር ለስንፈተ ወሲብ ይጠቀሙበታል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ሰምተው ከሥሩ ዛንቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ለዩና በ2008 አሳተሙ፤ ከጥንቸል ብልት በተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ላይ ሲሞከሩ ጡንቻውን አላልተዋል። ባህሉ የጠቆመውን ቤተ ሙከራው ተከትሎ ሲሄድ እንዲህ ነው። ሆኖም የተሞከረው በሕብረ ሕዋስ ላይ እንጂ በሙሉ እንስሳ ላይ አልነበረም፤ በሰው ላይማ በፍጹም። በዚያ ላይ የእጸ መናሂ ሥር መርዛማ ነው። ሳፖኒንና ሜቲል ሳሊሲሌት የተባሉ ኬሚካሎች አሉበት፤ በአፍሪካ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ለመርዝ ሲያገለግል የኖረ ሥር ነው። የዛንቶኖቹን ዜና ሰምቶ ሥሩን ፈጭቶ የሚበላ ሰው ዛንቶኑን ብቻ መርጦ መብላት አይችልም።

ወደ ዶኪንግ ቁጥሩ እንመለስ። ሻጩ ያላወቀው ወይም ሊናገረው ያልፈለገው የመጀመሪያው ነገር ፕሮግራሙ «አይሆንም» እንደማይል ነው። ስኳር ብታስገባበት ለስኳር ቁጥር ይሰጣል፤ ካፌይን ብታስገባበትም እንደዚያው። ቁጥር መውጣቱ ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው የስሕተቱ ስፋት ነው። የአውቶዶክ ቪና ደራሲዎች ራሳቸው ግምታቸው ከእውነተኛው ልኬት በአማካይ በ2.85 ኪሎ ካሎሪ ሊርቅ እንደሚችል ጽፈዋል። በሰውነት ሙቀት 1.4 ኪሎ ካሎሪ ልዩነት ማለት በአያያዝ ጥንካሬ የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ 2.85 ደግሞ ከመቶ እጥፍ ያልፋል። እንግዲህ ሲልደናፊል ከዜሮ በታች 9.5፣ የዕፁ ንጥረ ነገር 10.2 አመጡ እንበል። ማስታወቂያው «ከቪያግራ ይበልጣል» የሚለው በዚህች 0.7 ተደግፎ ነው፤ ስሕተቱ ራሱ ግን ከእርሷ በአራት እጥፍ ይበልጣል።

ሦስተኛው የግዝፈት አድልዎ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሞለኪውል በገዘፈ ቁጥር ብዙ የሚነካበት ቦታ ስላለው ነጥቡን ከፍ ያደርጉለታል። ከስኳር ጋር የተጣበቁ የዕፅ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ግዙፎች ናቸው። ብዙ ዕፅ ውስጥ የሚገኘው ሩቲን በዶኪንግ ሰንጠረዦች አናት ላይ ዘወትር ይታያል። የሞለኪውል ክብደቱ ከ610 በላይ ነው። ክሪስቶፈር ሊፒንስኪ በ1997 ያወጡት መመሪያ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ክብደቱ 500ን ባያልፍ እንደሚሻል ይናገራል፤ ሲልደናፊል 475 ገደማ ነው። በነጥብ አንደኛ የወጣው ሞለኪውል አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ ለመግባት ከሁሉም የማይመቸው ሊሆን ይችላል።

በዚያ ላይ አብዛኛው ዶኪንግ ኢንዛይሙን ደርቆ እንደቆመ አድርጎ ነው የሚያየው። እውነተኛው ፒዲኢ-5 ይንቀሳቀሳል፤ በቀዳዳው ውስጥ ውኃ አለ፤ ዚንክና ማግኒዚየም አሉ። ተመራማሪው እነዚህን በሒሳቡ ውስጥ ካላካተተ ውጤቱ ስለ ሌላ ኢንዛይም የወጣ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ደግሞም ኳርሰቲንን የመሳሰሉ የዕፅ ንጥረ ነገሮች በኮምፒውተርም በቤተ ሙከራ ቱቦም ከብዙ ዓይነት ፕሮቲን ጋር የሚነካኩ ይመስላሉ። ዛሬ ለካንሰር፣ ነገ ለስኳር፣ ከነገ ወዲያ ለስንፈተ ወሲብ «ተስፋ ሰጪ» ተብለው የሚታተሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለሁሉም በሽታ ተስፋ ሰጪ የሆነ ንጥረ ነገር ሲያጋጥመኝ በአንዱም እንዳልተፈተነ አስባለሁ፤ እስካሁን ይህ ጥርጣሬ ብዙም አላሳሳተኝም።

ነገሩ ከኮምፒውተር ወጥቶ ቤተ ሙከራ ሲገባ ምን እንደሚመስል አንድ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ኤፒሚዲየም የሚባል የቻይና ዕፅ ለዘመናት ለወንድ ኃይል ሲወሰድ ኖሯል፤ በአሜሪካ «ሆርኒ ጎት ዊድ» እየተባለ ይሸጣል፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሱቅ መደርደሪያ አይተውት ይሆናል። ዋናው ንጥረ ነገሩ ኢካሪን ነው፤ ፒዲኢ-5ን እንደሚገታም እውነት ነው። በ2008 በጣሊያን የሚላን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ሲለኩት ኢንዛይሙን በግማሽ ለመግታት 5.9 ማይክሮሞላር ፈለገ፤ በዚያው ሙከራ ሲልደናፊል 74 ናኖሞላር ብቻ በቃው። ኢካሪን ወደ ሰማንያ እጥፍ ደካማ ነው ማለት ነው። የሚላን ኬሚስቶች ግን በዚህ አላቆሙም። የሞለኪውሉን ስኳሮች አውልቀው ሌላ ነገር ተኩበት፤ ከሠሯቸው መካከል አንዱ 75 ናኖሞላር ደረሰ፤ ከሲልደናፊል ጋር እኩል ማለት ነው። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። እስኪ ግን ልብ እንበል፦ እኩል የሆነው ዕፁ አይደለም፤ ኬሚስቱ በእጁ የለወጠው አዲስ ሞለኪውል ነው። እርሱም ቢሆን ይኸው ስንት ዓመት ሆነው፤ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አልደረሰም።

ሒሳቡን ወደ ማንኪያ እናውርደው። አንድ ወንድ 50 ሚሊ ግራም ሲልደናፊል ይወስዳል እንበል። ሰማንያ እጥፍ ደካማ የሆነ ንጥረ ነገር ያንኑ ሥራ እንዲሠራ፣ በደም ውስጥ እኩል ይገባል ብለን ብናስብ እንኳ፣ 4 ግራም ንጹሕ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ንጥረ ነገሩ ከደረቁ ዕፅ መቶኛ አንድ እጅ ቢሆን ደግሞ 400 ግራም ዱቄት በአንድ ጊዜ መብላት ይኖርበታል። ኢካሪንን የመሰለ ከባድ ሞለኪውል በአንጀት በደንብ ስለማይገባ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይብሳል። ሻጩ የሚያዘው ግን ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ነው።

«ታዲያ ዱቄቱ ሠራልኝ የሚሉትስ?» ይባላል። አንዳንዱ እምነቱ ራሱ ረድቶት ነው፤ በስንፈተ ወሲብ ላይ የመተማመን ስሜት ትልቅ ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሌላው ግን የሠራለት ዕፁ ሳይሆን ዱቄቱ ውስጥ በድብቅ የተጨመረ ሲልደናፊል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 የተደበቀ መድኃኒት ያገኘባቸውን የምግብ ማሟያዎች የቆጠረ ጥናት በ2018 ታትሟል። ከ776ቱ ምርቶች 353ቱ ለወሲብ የሚሸጡ ነበሩ፤ በእነርሱ ውስጥ በብዛት የተገኘው ሲልደናፊል ነው። በአብዛኞቹ ማሸጊያ ላይ ግን መድኃኒቱ አልተገለጸም ነበር።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሲልደናፊል ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር ከሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንና ከመሰሎቹ ጋር ከተገናኘ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል። ክኒኑን ከፋርማሲ የገዛ የልብ ሕመምተኛ ይህን ይጠየቃል፤ ይነገረዋልም። «ዕፅ ብቻ ነው» ተብሎ የገዛው ሰው ግን ምን እንደዋጠ አያውቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር የለውም። በሲንጋፖር የሆነው ከዚህም ይከፋል። በ2008 የመጀመሪያ ወራት የስኳር በሽታ የሌለባቸው 150 ሰዎች የደማቸው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። የተገኘው ምክንያት ሕገ ወጥ የወሲብ ማነቃቂያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የዕፅ ዝግጅት ተብለው የተሸጡ ነበሩባቸው፤ ውስጣቸው ግሊቤንክላማይድ የተባለ የስኳር መድኃኒት ተገኘ። ሰባቱ ራሳቸውን ስተው ቀሩ፤ አራቱ ሞቱ። ይህን እያወቀ ያልተመረመረ ዱቄት በኮምፒውተር ሥዕል አጅቦ የሚሸጥ ሰው አዋቂ ሊባል አይገባም። እውነተኞቹን ባህላዊ ሐኪሞቻችንንም የሚያሰድባቸው እርሱ ነው፤ እነርሱ መጠን ያውቃሉ፣ የማይሰጥበትን ሰው ያውቃሉ፣ ሥሩ መርዝ መሆኑንም ይናገራሉ።

ለተመራማሪዎቻችንም የምለው አለኝ። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ አንድ ጠርሙስ ኢንዛይም ለማስገባት ወራት በሚፈጅበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዶኪንግ ብቸኛው የተከፈተ በር መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም የጽሑፉ ርዕስ ላይ «ለስንፈተ ወሲብ ሕክምና» ብሎ መጻፍ ለሻጩ ማስታወቂያ አዘጋጅቶ እንደመስጠት ነው። ሥራው ቢያንስ ሲልደናፊልን ከክሪስታሉ አውጥቶ ፕሮግራሙ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመልሰው እንደሆነ ማሳየት አለበት፤ እንደማይሠሩ የታወቁ ሞለኪውሎችንም ጨምሮ ፕሮግራሙ ይለያቸው እንደሆነ ማየት አለበት። ቴክኒኩ በእርግጥ ይሠራል፤ ሲሠራ የታየው ግን ከቤተ ሙከራ ጋር ሲጣመር ነው። በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ዲ4 ለተባለ የዶፓሚን ተቀባይ 138 ሚሊዮን ሞለኪውሎችን በኮምፒውተር ፈተሸ፤ ከዚያ ከ500 በላይ የሚሆኑትን በእውን አሠርቶ ለካ። ከእነዚህም መካከል እጅግ ጠንካራ የሆነ ሞለኪውል ተገኘ። ኮምፒውተሩ እጩዎችን አቀረበ፤ ዳኝነቱን የሰጠው ግን ቤተ ሙከራው ነው። ከአገራችን ዕፅዋት በዚህ መንገድ የሚወጣ መድኃኒት ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከየትኛው እንደሚሆን ግን ዛሬ አውቃለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ አላምነውም።

የቀሩትን ተረቶች በአጭሩ ልለፋቸው።

«ዕፅ ስለሆነ ጉዳት የለውም።» ኮሶን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሊያምን አይገባም፤ የኮሶ ትል ያስወጣል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን ይጎዳል። ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ዮሂምቤ ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው ዮሂምቢንም ለስንፈተ ወሲብ ይሸጣል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልብን ያፈጥናል፣ ጭንቀትም ያስከትላል።

«ድግምት ነው» ወይም «ጭንቀት ብቻ ነው።» ጭንቀት በእርግጥ ያመጣዋል፤ በተለይ በወጣቶች ላይ። ጠዋት ሲነሣ ብልቱ የሚቆምለት፣ ከባለቤቱ ጋር ሲሆን ግን የማይሆንለት ሰው ምክንያቱ ከሥነ ልቦና ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ሕክምና አለ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልነካም። ቀስ በቀስ የመጣና ጠዋትም ጭምር የጠፋ ስንፈት ግን የደም ሥርን ወይም የነርቭን ችግር ያመለክታል፤ የሚጸልይ ሰውም የደም ግፊቱን ቢለካ ጸሎቱ አይፈርስበትም።

«ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል?» በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከ40 እስከ 70 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ተደርጎ በ1994 የታተመ የታወቀ ጥናት ከተጠየቁት 52 በመቶው ቀላልም ይሁን ከባድ ስንፈት እንዳለባቸው አግኝቷል። የተለመደ መሆኑ እውነት ነው፤ ዝም ሊባል ግን አይገባም። የብልት ደም ወሳጅ ሥሮች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ የልብ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሥርን የሚያጠበው በሽታ ሲጀምር ጠባቡ ቀድሞ ይታወቃል። ስንፈት ከልብ ሕመም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊቀድም የሚችለው በዚህ ምክንያት እንደሆነ የልብ ሐኪሞች ይናገራሉ። ስንፈቱን በዱቄት ሸፍኖ መቀመጥ ይህን የማስጠንቀቂያ ጊዜ መጣል ነው።

«ክኒኑን አንዴ ከጀመሩ ሱስ ይሆናል።» ሲልደናፊል ሰውነትን ጥገኛ አያደርግም፤ ስሜት ከሌለም በራሱ ብልት አያቆምም። አንድ ወጣት ያለ ችግር ለጉራ ሲወስደው ቆይቶ ያለ እርሱ አልችልም ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ እርሱን የያዘው ግን ፍርሃት ነው።

«ሐኪም ዘንድ ብሄድም ያው ክኒን ነው የሚሰጠኝ።» ደህና ሐኪም ክኒን ከማዘዙ በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ በባዶ ሆድ የሚታይ ስኳር ያሠራል፤ ኮሌስትሮል ያያል፤ አስፈላጊ ከሆነም ጠዋት ላይ የቴስቶስትሮን መጠን ያስመረምራል። ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ይጠይቃል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችና ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው ስንፈት ያመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱን መለወጥ ብቻ ይበቃል። ክኒን ካልሠራም መርፌ አለ፤ በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያም አለ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የባህሉን ዱቄትም ከነማሸጊያው።